ጨረር «የማይበግረው» ኮምፒውተር፦ በጅማ የሚሸጥ ያገለገለ ወርክስቴሽን ሲፈተሽ

በጅማ መርካቶ ከሚገኙት የኮምፒውተር መደብሮች አንዱ ከውጭ አገር የሚመጡ ያገለገሉ ወርክስቴሽኖችን፣ ማለትም ለከባድ ሥራ የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ ከተራው ዴስክቶፕ ለይቶ በአንድ ጥግ ደርድሮ ይሸጣል። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የራሙን መጠን ከገለጸ በኋላ በቀይ እስክሪብቶ «ኢሲሲ ራም ያለው፣ ጨረር የማይበግረው» ይላል። ኢሲሲ የሚባለው በላዩ የተያዘ መረጃ ሲሳሳት ራሱ አግኝቶ የሚያርም የራም ዓይነት ነው። ከእነዚህ ማሽኖች አንዱን ገዝቼ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በቢሮዬ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ማሽኑ የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣል የሚል እምነት አለኝ፤ በቀይ የተጻፈው ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ገዢም ገንዘቡን የሚከፍለው ለየትኛው ግማሽ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። ግምገማው ለአንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከተለመደው በላይ የረዘመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቢሮዬ የሚሠራው የቡና ማሳዎችን መዝገብ ማደራጀት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ፣ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ የት እንደሚገኝ በጂፒኤስ መጋጠሚያ እንዲገለጽ፣ መጋጠሚያውም ቢያንስ እስከ ስድስት የአስርዮሽ አኃዝ ድረስ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ደግሞ አንድ ነጥብ ስለማይበቃ ዙሪያ ወሰኑ በሙሉ መመዝገብ አለበት። ባለሙያዎች ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳና ከጌራ ወረዳዎች በስልካቸው ለክተው የሚያመጡት መረጃ በዚህ ማሽን ላይ ይጠራል፣ ይደረደራል፣ ከዚያም ለላኪዎች ይተላለፋል። ሥራው ኮምፒውተሩ ሌሊቱንም ጭምር ሳይጠፋ፣ ብዙ መረጃ በራሙ ላይ ይዞ እንዲያድር ያስገድዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መረጃው ቁጥር ብቻ በመሆኑ፣ ፊደል የተሳሳተበት ደብዳቤ ሲነበብ እንደሚታወቀው፣ አንድ አኃዝ ቢለወጥ በዓይን አይለይም።

ስህተቱ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በጅማ በራሷ ቁጥር ማሳየት ይቻላል። የከተማዋ ኬንትሮስ 36.83 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ቁጥር በ64 ቢቶች፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ በሆኑ 64 ምልክቶች፣ ይይዘዋል። የቁጥሩን የመጠን ደረጃ ከሚወስኑት ቢቶች የመጨረሻው ከዜሮ ወደ አንድ ቢገለበጥ 36.83 እጥፍ ሆኖ 73.66 ይሆናል፤ የጅማው ማሳም ከማልዲቭስ ደሴቶች በስተ ሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃል። ይህ ካርታውን የከፈተ ሰው ሁሉ የሚያየው ስለሆነ ያስቃል እንጂ አያሰጋም። የሚያሰጋው የአንድ ዲግሪን ሠላሳ ሁለተኛ እጅ የሚወክለው ቢት ሲገለበጥ ነው፦ 36.83 ወደ 36.86125 ይለወጣል፣ ማሳው 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፣ ቦታው ግን አሁንም ጅማ ነው። እዚያ ያለው መሬት የሌላ ገበሬ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሳተላይት ምስል ላይ በቅርቡ የተመነጠረ ደን ሆኖ ይገኝና ምንም ያላጠፋ ገበሬ ቡናው ከገበያ ይታገድበታል። ለተራ ዴስክቶፕ ከሚከፈለው አንድ አራተኛ ያህል ጨምሬ ወርክስቴሽኑን የገዛሁት ይህን ፈርቼ ነው።

ቢት እንዲገለበጥ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል ሻጩ በቀይ የጻፈው ጨረር በእርግጥም አንዱ ነው። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5 ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ጨረሩ ከመሬት እየራቁ በሄዱ ቁጥር እንደሚበረታ ለክቷል፤ ይህ ሥራው በ1936 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከጠፈር የሚመጡት ቅንጣቶች፣ በአብዛኛው ፕሮቶኖች፣ በላይኛው ከባቢ አየር ያሉትን አተሞች ሲመቱ ሌሎች ቅንጣቶችን ይወልዳሉ፤ እነዚያም ሌሎችን ይወልዳሉ፤ መሬት ድረስ ከሚዘልቁት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስን ይበልጥ የሚያስቸግረው ኒውትሮን ነው። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው በቆርቆሮውም በብሎኬቱም አልፎ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ግን በቺፑ ውስጥ ያለ የሲሊከን ኒውክለስን ይመታና ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪዎቹ በሚያልፉበት መንገድ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላሉ፤ የተፈናቀለው ሙል በአንድ የራም ክፍል ውስጥ በበቂ መጠን ከተሰበሰበ ዜሮው አንድ፣ ወይም አንዱ ዜሮ ይሆናል። ቺፑ አይቃጠልም፤ በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ቁጥር ሲጻፍበትም በትክክል ይይዛል። የጠፋው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ ለጥገና ባለሙያ የማይጨበጥ የሚሆንበት።

ሁለተኛው የጨረር ምንጭ ከላይ የሚወርድ ሳይሆን ከቺፑ ከራሱ የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢንቴል ባለሙያዎች የነበሩት ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ፣ በራም ቺፖች ላይ ይታይ የነበረውን መነሻው ያልታወቀ ስህተት ሲመረምሩ፣ ጥፋቱ በቺፑ ሽፋን ውስጥ ከሚገኝ እጅግ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም የሚወጣ የአልፋ ቅንጣት ሆኖ አገኙት። አምራቾች ከዚያ ወዲህ ጥሬ ዕቃቸውን እያጣሩ ይህን ምንጭ በእጅጉ ቀንሰውታል። በ1979 ጄምስ ዚግለርና ዊልያም ላንፎርድ የጠፈር ጨረርም በመሬት ላይ ባለ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ማድረግ እንደሚችል አስልተው አሳዩ፤ አይቢኤምም ቆየት ብሎ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ፣ ዴንቨርና ሌድቪል በተባሉት ከተሞች፣ እንዲሁም ከመሬት በታች ባለ ስፍራ ቺፖችን አስቀምጦ ሲያነጻጽር፣ ስህተቱ ከፍታ ሲጨምር የሚበዛ፣ ከዓለት ሥር ሲገባ ደግሞ የሚጠፋ ሆነ።

ይህ ነጥብ ጅማን ይመለከታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከላይዋ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ የሳሳ ነው። የቺፕ አምራቾች ለመለኪያ የሚወስዱት በኒው ዮርክ በባሕር ጠለል ላይ የሚገኘውን መጠን ሲሆን፣ ይህም በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በሰዓት 13 ያህል ብርቱ ኒውትሮኖች ማለት ነው። በእኛ ከፍታ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ሆኖም ከፍታውን ብቻ አይቶ ጅማን ከዴንቨር ጋር እኩል ማድረግ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ከምድር ወገብ አጠገብ የምድር መግነጢስ ከጠፈር የሚመጡትን ቅንጣቶች ከሰሜኑ አገር ይልቅ አጥብቆ ስለሚመልስ፣ ከፍታው የጨመረብንን መግነጢሱ በከፊል ይቀንስልናል። በአውሮፕላን የበረራ ከፍታ ላይ ግን መጠኑ ከባሕር ጠለል በመቶዎች እጥፍ ይደርሳል። ኤርባስ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር ለበረራ መቆጣጠሪያው የሚያስፈልግ መረጃን ሊያበላሽ እንደሚችል ገልጾ፣ 6 ሺህ ያህል የኤ320 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ሶፍትዌራቸው ወይም መሣሪያቸው እንዲስተካከል ማዘዙ የቅርብ ጊዜ ዜና ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው፣ የሚለየው ብዛቱ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። ማሽኑን ሳይ የመደብሩ ልጅ የጎኑን ብረት በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህ እንደ ሌላው አይደለም፣ ብረቱ ወፍራም ነው፣ ጨረር አያስገባም» አለኝ። ብረቱ በእርግጥ ወፍራም ነው፤ ለጨረሩ ግን ከካርቶን አይለይም። ኒውትሮንን በሚታይ መጠን ለመቀነስ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያስፈልጋል፤ በአንድ የኮምፒውተር ሳጥን የሚሆን ነገር አይደለም። (እዚያው ባንኮኒ ላይ «የስልክ ጨረር ይከላከላል» የተባለ ተለጣፊም ይሸጣል። የስልክ ሞገድ አተምን ሰብሮ ኤሌክትሮን የሚያወጣ ኃይል የለውም፤ ከዚህ ከያዝነው ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው የስም መመሳሰል ብቻ ነው፤ ተለጣፊው ደግሞ ለምንም አይጠቅምም።) በእውነት ጨረር እንዲቋቋሙ ተደርገው የሚሠሩ ቺፖች አሉ፤ ነገር ግን በመርካቶ አይገኙም። በማርስ ላይ የሚንቀሳቀሰው ኪዩሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ተሽከርካሪ የያዘው ፕሮሰሰር ከዚህ ወገን ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከ200 ሜጋኸርዝ አይበልጥም፤ ዛሬ ማንም ሰው በኪሱ ከያዘው ስልክ እጅግ ያነሰ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ባለችበት ምሕዋርም ጨረሩ ቁጥር መገልበጥ ብቻ ሳይሆን፣ በጊዜ ብዛት ትራንዚስተሩን ራሱን የሚያደክም፣ አንዳንዴም በቺፑ ውስጥ ያልታሰበ የኤሌክትሪክ መንገድ ከፍቶ የሚያቃጥል ነው። «ጨረር የማይበግረው» የሚለው ስም የሚገባው እነዚህን ሁሉ ለሚችል ዕቃ ነው።

እንግዲያው ኢሲሲ ምን ያደርጋል? ጨረሩን አይከለክልም፤ ቢቱም እንዳይገለበጥ አያደርግም። የተገለበጠውን ያገኛል፣ ይመልሰዋል፣ ይመዘግበዋል። ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 በቤል ላብራቶሪ ባሳተመው የሒሳብ ዘዴ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ 64 ቢት መረጃ 8 ተጨማሪ መቆጣጠሪያ ቢቶች ይያዛሉ። ቡና ሲረከብ መዛኙ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት ሲጽፍ፣ ከጎኑ ያለ ሌላ ጸሐፊ በረድፍም በዓምድም የተለያዩ ድምሮችን ቢይዝ፣ በኋላ አንድ ቁጥር ተፍቆ ቢገኝ የትኛው እንደሆነና ምን እንደነበር ከድምሮቹ ማውጣት ይቻላል፤ የስምንቱ ቢቶች ሥራ ይኸው ነው። በ64ቱ ውስጥ አንድ ቢት ቢገለበጥ ፕሮግራሙ ሳያውቅ ይታረማል። ሁለት ቢገለበጡ ሊታረም አይችልም፣ ነገር ግን ይታወቃል፤ ማሽኑም ብዙውን ጊዜ ሥራውን ያቆማል። ባልደረባዬ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ «ታዲያ ከቆመ ምን ጥቅም አለው?» ብሎኝ ነበር። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው፤ ሠርቶ ያቆመ ማሽን እንደገና ይነሣል፣ የተሳሳተ ማሳ ይዞ የሄደ ፋይል ግን ተመልሶ አይመጣም።

ኢሲሲ የሌለው ማሽን ዝም ብሎ ይሳሳታል። የዚህ ታዋቂ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በቤልጅየም ሻርቤክ በተባለችው ወረዳ በተደረገው ምርጫ የታየው ነው፤ አንዲት ዕጩ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስጫው ላይ 4,096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። ስህተቱ የተያዘው የተመዘገበላት ድምፅ ሊኖር ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው። 4,096 ሁለት በራሱ አሥራ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር በመሆኑ የአንድ ቢት መገለበጥ አሻራ ይመስላል፤ ጨረር ነው ተብሎ ቢገመትም፣ እንዲህ ያለ ክስተት ምልክት ስለማይተው ማንም ሊያረጋግጠው አልቻለም። በእኔ መዝገብ ውስጥ ግን «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚያሰኝ ወሰን የለም፤ ማሳው 3.4 ኪሎ ሜትር ቢሸሽ ማንም አይጠይቅም።

ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ልብ ልትሉት የሚገባው፣ ወረቀቱ ላይ «ኢሲሲ» መባሉ በማሽኑ ውስጥ ኢሲሲ በሥራ ላይ መሆኑን አያረጋግጥም። መጀመሪያ ክዳኑን አስከፍታችሁ የራሙን ካርድ ተመልከቱ፤ ዲዲአር3ና ዲዲአር4 በተባሉት የራም ትውልዶች ካርዶች ላይ መረጃ የሚይዙት ጥቋቁር ቺፖች በአንድ ረድፍ ስምንት ከሆኑ ተራ ራም ነው፣ ዘጠኝ ከሆኑ ኢሲሲ ነው፤ ዘጠነኛው እነዚያን ስምንት ተጨማሪ ቢቶች የሚይዘው ነው። ይህ ግን አይበቃም፤ ኢሲሲ ካርድ የሚቀበሉ፣ መቆጣጠሪያውን ግን የማይጠቀሙበት ማዘርቦርዶች አሉ። ፕሮሰሰሩም መቻል አለበት፤ የኢንቴል ዚዮን ይችላል፣ ለቤት ተብለው የሚሸጡት የኢንቴል ኮር ማሽኖች አብዛኞቹ ግን አይችሉም። ትክክለኛው መንገድ ሜምቴስት86 የተባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ ማሽኑን በእሱ ማስነሣት ነው፤ ኢሲሲ መብራት አለመብራቱን በስክሪኑ ላይ ይነግራችኋል፣ ራሙንም በዚያው ይፈትሻል። መደብሩ ይህን ሳይከለክል እንዳደርግ ፈቅዶልኛል፤ ይህ በከተማችን የተለመደ ስላልሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። በፈተናው ከተደረደሩት ማሽኖች አንዱ፣ በወረቀቱ ላይ ኢሲሲ የተባለ ቢሆንም፣ ተራ ራም የተሰካበት ሆኖ አገኘነው፤ ሻጩም ወረቀቱን ወዲያው ነቀለው። በተጨማሪ ለሰርቨር የሚሠራው ሬጅስተርድ የሚባለው ራም ለዚህ ዓይነቱ ማሽን ሁሉ አይሆንም፤ ሬጅስተርዱና ሬጅስተርድ ያልሆነው አይቀላቀሉም፣ ስለዚህ ራም ለመጨመር ስትፈልጉ የተሰካውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

«አዲሱ ዲዲአር5 ኢሲሲ አብሮት ስላለ ተራውን ግዛ» የሚል ምክር ከሌላ መደብር ሰምቻለሁ። ዲዲአር5 በእያንዳንዱ ቺፕ ውስጥ የራሱ ማረሚያ እንዳለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ማረሚያ የተሠራው ቺፑ በጥቃቅን ሥራ ምክንያት የሚያመጣውን ድክመት ለመሸፈን ነው፤ ከቺፑ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን መረጃ አይጠብቅም፣ ያረመውንም ለባለቤቱ አያሳውቅም። ከዚህ በታች እንደምገልጸው፣ ማሳወቁ ከማረሙ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

ማሽኑን ኡቡንቱ በተባለው ስርዓተ ክወና አስነሥቼ የራም ስህተት መዝጋቢውን ከፍቼ ሥራ አስጀመርኩት። ብዙም ሳይቆይ መዝገቡ የታረሙ ስህተቶችን ማሳየት ጀመረ፤ ቀስ በቀስም በዙ። መረጃው አንድም ጊዜ አልተበላሸም፣ ሁሉም ታርመዋል፤ ቢሆንም ወደ መደብሩ ደውዬ ነገርኩ። ያው የመደብሩ ልጅ «ጋሼ፣ እሱማ የጨረር ነገር ነው፣ እኛ ምን እናድርግ» አለኝ። ጨረር የማይበግረው ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ሲሳሳት ጥፋቱ ወደ ጨረሩ መዞሩ አስገርሞኛል፤ ነገር ግን ክርክሩ በግምት ሳይሆን በመዝገቡ የሚፈታ ነበር። ስህተቶቹ ሁሉ የመጡት ከአንድ ካርድ፣ በካርዱም ውስጥ ከአንድ ቦታ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ሲሞቅ ይበዛሉ፤ ካርዱን አንሥቼ በሌላ ቀዳዳ ስሰካው ስህተቱ ተከትሎት ሄደ። ከጠፈር የሚመጣ ኒውትሮን እንዲህ አያደርግም፤ ዛሬ አንዱን ካርድ፣ ከወራት በኋላ ሌላውን ይመታ ይሆናል እንጂ፣ ያንኑ ቦታ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመረጠ አይመላለስበትም። ይህ ያረጀ ወይም ሲመረት ጀምሮ ደካማ የነበረ ካርድ ነው። የመዝገቡን ገጽ አትሜ ወደ መደብሩ ስሄድ፣ ከኋላ ያለው የጥገና ባለሙያ ሁለት መስመር አንብቦ «ካርዱ ነው፣ ቀይርለት» አለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ካርዱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተቀየረልኝ።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ጉግል በራሱ የመረጃ ማዕከላት ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች ለሁለት ዓመት ተኩል አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ ሲሶ ያህሉ፣ ከራም ካርዶቹም ከመቶ ስምንት በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የታረመ ስህተት እንደታየባቸው፣ ስህተቶቹም በአመዛኙ በጨረር እንደሚመጣው አላፊ ሳይሆኑ በካርዱ ጉድለት የሚደጋገሙ እንደሚመስሉ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ያገኙት መጠን ከዚያ በፊት በቤተ ሙከራ ይገመት ከነበረው እጅግ የበዛ ነበር። ስለዚህ በቀይ ቀለሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ ጨረር የለም ማለት አይደለም። ሻጩ ከኢሲሲ ጥቅሞች መካከል ትንሹን መርጦ አጋንኖ መጻፉ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ የራም ካርድ ማርጀት ከጨረር ይልቅ ቅርብ ጠላት ነው፤ ኢሲሲ ያለው ማሽን ደግሞ የካርዱን ማርጀት ፋይል ሳይበላሽ አስቀድሞ ይናገራል። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ማሽኑ ይበልጥ በተሸጠ ነበር ብዬ አስባለሁ። ካርዱ ከተቀየረ በኋላ መዝገቡ ጸጥ ብሏል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሌላ ካርድ ያልተደገመ ስህተት አሳይቷል። ያ ምናልባት ኒውትሮን ይሆናል፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል።

የቀረውን የማሽኑን ነገር በአጭሩ ልናገር። ፍጥነቱ ለካርታ ሥራ ይበቃል። ከባድ ነው፣ ብቻውን የሚያነሣው ሰው ወገቡን ይጠንቀቅ። የማቀዝቀዣ ፋኖቹ ድምፅ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ይሰማል፤ በውስጡ የተጠራቀመው አቧራ ሲጠረግ ግን በግማሽ ቀንሷል፤ መደብሩ ከመሸጡ በፊት ሊጠርገው ይገባ ነበር። ኢሲሲው የሚጠብቀው ራሙን ብቻ መሆኑም መታወስ አለበት፤ ወደ ዲስክ ከተጻፈ በኋላ ያለውን መረጃ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተጠናቀቀ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር አስልቼ በሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ። የጨረር ሕክምና ወይም የራጅ ክፍል ላላቸው ተቋማትም አንድ ቃል፦ ከ10 ሜጋቮልት በላይ የሚሠሩ የጨረር ሕክምና ማሽኖች በክፍሉ ውስጥ ራሳቸው ኒውትሮን ስለሚያመነጩ፣ ኢሲሲ አለው ብሎ ይህን ዓይነት ኮምፒውተር በሕክምናው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቦታው ከወፍራሙ ግድግዳ ውጭ ነው። ተራው የደረት ራጅ ግን በአጠገቡ ላለ ኮምፒውተር የሚያሳስብ አይደለም።

በጅማ ከጨረሩም ከካርዱም በፊት ማሽን የሚገድለው መብራት ነው። የግልገል ጊቤ ግድብ ከከተማችን ብዙም ባይርቅም መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም ቮልቴጁ ዘሎ ይመጣል። ሻጩ ከማሽኑ ጋር እንድወስድ ያቀረበልኝ 650 ቪኤ የሚለው ትንሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ለተራ ዴስክቶፕ የሚሆን ነው፤ ወርክስቴሽኑ በሙሉ ጭነት ሲሠራ መብራት ቢሄድ ፋይል ለመዝጋት እንኳ ጊዜ ላይሰጥ ይችላል። 1,500 ቪኤ የሚለውን ውሰዱ፣ ስታቢላይዘርም ከፊቱ አድርጉ፤ የሁለቱን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምራችሁ ነው መደራደር ያለባችሁ። መደብሩ የሚሰጠው የሦስት ወር ዋስትና ራምን እንደሚጨምር በቃል ይነገራል፣ በደረሰኙ ላይ ግን አይጻፍም። ሲጠየቁ «ኢሲሲው በርቶ የተፈተሸ፣ የታረመ ስህተት ከደጋገመ ካርዱ ይቀየራል» ብለው ጽፈው ማኅተም ያደርጉበታል፤ ሳትጠይቁ ግን ማንም አይጽፍላችሁም።